የሐጂ ሞተርና የመብራት እቁብ

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼን አንድ ነገር እወተውታቸው ነበር። «ግሡን ተመልከቱ!» እላቸዋለሁ። ስም ያስመስላል፣ ቅጽል ያጋንናል፤ የተናጋሪውን ልብ ቁልጭ አድርጎ የሚያወጣው ግን ግሡ ነው። ማስተማሩን ከተውኩ ዓመታት ቢቆጠሩም አመሉ አልለቀቀኝምና፣ እስቲ ዛሬ ያንኑ የቤት ሥራ ለእናንተ ለአንባቢያን ልስጣችሁ። ስለ ኤሌክትሪክ ስናወራ የምንጠቀምባቸውን ግሦች ቁጠሩልኝ።

መብራት ገባ። መብራት ሄደ። መብራት መጣ። መብራት ሰጡን። መብራት ከለከሉን። መብራት ቆረጡብን።

አያችሁልኝ? በግማሹ መብራት ራሱ ባለቤት ሆኖ እንደ ትልቅ እንግዳ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል። በሌላው ግማሽ ደግሞ ማንነታቸው ያልተጠቀሰ «እነሱ» ይሰጡናል፣ ይነሱናል። እኛ ያለነው የግሡ ጭራ ላይ ነው፤ «ን» ወይም «ብን» ሆነን። «መብራት ሠራን»፣ «መብራት አመነጨን»፣ «የተረፈንን መብራት ሸጥን» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ ሰው ሰምቻለሁ። የዛሬው ጨዋታችንም በእሳቸው ሰበብ ነው።

ጊዜው 1985 ዓ.ም. ነው። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ ማግሥት፣ ከቡታጅራ ወደ ሆሳዕና ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ለመምህርነት ተመደብኩ። ከተማ ማለቴ ለወጉ ነው፤ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ክሊኒክ፣ አንድ መስጊድ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት ሻይ ቤትና አንድ ወፍጮ ቤት ነበራት። የወፍጮው ባለቤት ሐጂ ይባላሉ። ሙሉ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ፤ ትንሹም ትልቁም «ሐጂ» ብቻ ነው የሚላቸው።

የሐጂ ወፍጮ በናፍጣ ሞተር የሚዞር ነበር። ከጎኑ ማቀዝቀዣ ውሃ የሞላ በርሜል ቆሞ፣ «ቱክ ቱክ ቱክ» የሚለው ድምፅ እስከ ትምህርት ቤታችን ይሰማል። ቀን ቀን በቆሎና ገብስ ይፈጫል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ሐጂ ቺንጋውን ከወፍጮው ነቅለው ከአጠገቡ ወደተተከለችው ዲናሞ ያዞሩታል። ከዚያ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ በተዘረጋ ገመድ ለሃምሳ ያህል ቤቶች መብራት ይደርሳል። ቆጣሪ የሚባል ነገር የለም፤ ሒሳቡ በአምፖል ቁጥር ነው፣ በወር። ባለ አንድ አምፖል አለ፣ ባለ ሁለት አለ፤ ባለ አራት ከሆነ ሀብታም ነው።

ታዲያ የዚያ መብራት ልዩ ጠባይ ምን መሰላችሁ? ሁሉም ሰው የሁሉንም ሰው አጠቃቀም ያይ ነበር። አንዱ ቤት ተደብቆ ካውያ ከሰካ የከተማው አምፖል በሙሉ ይደበዝዛል። ሐጂ ወዲያው ልጅ ይልካሉ። «ማነው ካውያ የሰካው? ሐጂ ንቀል ብለውሃል!» ይላል ልጁ በየበሩ እየዞረ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እኔ ነበርኩ፤ መምህር ነኝና ሸሚዜ መተኮስ ነበረበት። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ሲል መብራቱ ሦስት ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። «ልናጠፋ ነው፣ መኝታችሁን አንጥፉ» ማለት ነው። በረመዳን ሞተሩ እስከ ሱሑር ይሠራል። በመስቀል ሰሞን ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የአገሬው ልጅ ከተማዋን ስለሚሞላት ሐጂ እስከ እኩለ ሌሊት አያጠፉም፤ ለጭማሪው ሰዓት ገንዘብም አይጠይቁም።

«ዛሬ መብራት አልሠራሁም፣ ናፍጣ አልመጣም» ይሉ ነበር ሐጂ አንዳንድ ቀን። «አልሠራሁም» ነው የሚሉት። «የለም» ወይም «ሄደ» ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

እኔ ከዚያች ከተማ ወጥቼ ለሁለተኛ ዲግሪ ከሄድኩ በኋላ ዋናው መስመር እዚያም ደረሰ። መጀመሪያ ከተደሰቱት አንዱ ሐጂ ነበሩ። ለምሰሶ መግዣ ሲዋጣ የድርሻቸውን ሰጥተዋል፤ ለምርቃቱም በሬ ሲጣል ቢላዋውን የያዙት እሳቸው ናቸው። ወፍጮውን በኤሌክትሪክ ሞተር ቀየሩት። እውነቱን ለመናገር ጥሩ አደረጉ፤ ናፍጣ ከቡታጅራ በበርሜል ማስጎተት ቀረላቸው፣ ሴቶችም ወረፋ ቀነሰላቸው። የድሮው ሞተርና ዲናሞዋ ጓሮ ሄደው ሸራ ለበሱ። የባሕር ዛፍ ምሰሶዎቹ አጥር ሆኑ።

ባለፈው መስቀል ማግሥት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሰማንያ ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም። ስንጫወት አመሸንና መብራት ሄደ። ከተማዋ ጭልም አለች። ያን ጊዜ ሐጂ በልጅ ልጃቸው ስልክ መብራት እየተመሩ ወደ ጓሮ ወሰዱኝና ሸራውን ገለጡት። ሞተሩ ዘይት ተቀብቶ ያብረቀርቃል።

«ይነሳል» አሉኝ። «በየወሩ አስነሳዋለሁ። ግን ለማን ነው የምሠራው? ገመዱ የእኔ አይደለም።»

ከዚያ አንድ ቀን ያጋጠማቸውን አጫወቱኝ። ትራንስፎርመር ሊጠግን ለመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ፣ «ልጄ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ እኔ ሞተሬን አስነስቼ እዚሁ ገመድ ላይ ብቀጥለው ምን አለበት? ክሊኒኩ እንኳ ይበራል» ይሉታል። ልጁ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ቁልቁል አያቸውና፣ «ሐጂ፣ እኔን ሊገድሉኝ ነው እንዴ?» አላቸው።

ሐጂ ይህን ሲነግሩኝ አልሳቁም። «ለካ እውነቱን ነው» አሉ። «እንዴት እንደሚገድለው አስረዳኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅሁም።»

እኔ ግን ጠየቅሁ። ለካ ልጁ ልክ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። መስመር ሲበላሽ ሠራተኛው ገመዱ ኃይል እንደሌለው ቆጥሮ ምሰሶ ላይ ይወጣል። በዚያው ሰዓት ሐጂ ከጓሮአቸው ኃይል ገመዱ ላይ ቢለቁ፣ ኃይሉ ወደ ጎረቤት ብቻ አይሄድም፤ ወደ ትራንስፎርመሩም ይመለሳል። ትራንስፎርመር ደግሞ አቅጣጫ አይመርጥም። ከላይ የመጣውን 15 ሺህ ቮልት አውርዶ ለቤታችን 220 እንደሚያደርግልን ሁሉ፣ ከታች የመጣውንም ሽቅብ 15 ሺህ ያደርገዋል። ምሰሶ ላይ ያለው ልጅ የሚይዘው እሱን ነው። ስለዚህ ጄኔሬተር ያላችሁ አንባቢያን ሁሉ፣ በዋናው መስመርና በሞተራችሁ መካከል ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙ የሚያደርገው ማዞሪያ ከሌላችሁ ዛሬውኑ አስገቡ። ይህን የምለው ስለ ሌላ ሰው ነፍስ ነው።

ሌላም ችግር አለ። የጉራጌ ጭፈራ አይታችሁ ታውቁ የለ? በደራበት ሰዓት ዘው ብሎ የሚገባ የለም። ገቢው መጀመሪያ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል፣ ምቱን በእግሩ ይይዛል፣ ልክ ሲገጥምለት ነው የሚገባው። ምቱን ሳይዝ ከገባ ራሱም ይወድቃል፣ ሌላውንም ይጥላል። የኤሌክትሪክ መስመርም እንዲሁ ምት አለው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ። ከመስመሩ ጋር የሚቀጠል ማንኛውም ጄኔሬተር ፍጥነቱን፣ ቮልቴጁንና የምቱን አነሳስ ከዋናው ጋር እኩል ማድረግ አለበት። ያላደረገ እንደሆነ የሚጎዳው ራሱ ነው፤ ዘንጉ ሊጣመም፣ ጥቅልሉ ሊቃጠል ይችላል።

እንግዲህ ሐጂን «አይሆንም» ያላቸው ወጣት አንዳች ጥፋት የለበትም። የእኔ ትችት ያለው ከዚያ ቀጥሎ ነው። «እንዲህ ካደረጉ አይሆንም» የሚለው ትክክለኛ መልስ፣ «እንዴት ካደረጉ ይሆናል?» የሚለውን ጥያቄ ሳይወልድ ቀረ። ሁለቱም ችግሮች በዓለም ላይ መፍትሔ ካገኙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ምቱን የሚያስተካክል መሣሪያ አለ። ዋናው መስመር ሲጠፋ ሁለት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ አውቆ ራሱን የሚነቅል መሣሪያ አለ፤ ዛሬ ከመስመር ጋር እንዲገናኝ ተደርጎ የሚሠራ የሶላር ኢንቨርተር ይህን የሚያደርግ ክፍል በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው። የጎደለን ሌላ ነገር ነው።

በማግሥቱ ወልቂጤ አደርኩ። መቼም መብራትና እኔ ተላምደናልና እዚያም ማታ ሄደ። ወዲያው ዋናው መንገድ በሞተር ድምፅ ተሞላ። ሆቴሉ የራሱን አስነሳ፤ ፋርማሲው የራሱን፤ ባንኩ የራሱን፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱም በደረጃው ሥር ያስቀመጣትን ትንሽ ቢጫ ጄኔሬተር ገመዷን ስቦ ቀሰቀሳት። በረንዳ ላይ ቆሜ ስቆጥር አሥራ አንድ ደረስኩ። የሆቴሉ ሞተር ለስልሳ ክፍል የተገዛ ነው አሉኝ፤ በዚያ ምሽት የሚያበራው ግን ከአሥራ አምስት አይበልጥም። የተረፈው ጉልበት በጭስ መውጫው ይወጣል። አጥር ለአጥር የሚጎራበተው ልብስ ሰፊ ደግሞ በሻማ ይሰፋል። አሥራ አንድ ሞተር፣ አሥራ አንድ የናፍጣና የቤንዚን ወጪ፣ አሥራ አንድ ደሴት!

ይህ የሚሆነው የት ነው? ከወልቂጤ ወደ ጅማ ስትወርዱ የግቤን ወንዝ ትሻገራላችሁ። በዚያ ተፋሰስ 184 ሜጋ ዋቱ ግልገል ግቤ አንድ በ1996 ዓ.ም.፣ 420 ሜጋ ዋቱ ግልገል ግቤ ሁለት በ2002 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። ዝቅ ብሎ ኦሞ ላይ 1,870 ሜጋ ዋቱ ግቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ግቤ ሁለት ውሃውን የሚያገኘው ተራራ ሰንጥቆ በሚያልፍ ወደ 26 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ነው፤ ዋሻው በተመረቀ በቀናት ውስጥ ከፊሉ ተደርምሶ ለወራት እንደቆመም የምናስታውሰው ነው። ትልቅ ነገር ሲቆም የሚቆመውም በትልቁ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋቱ የሕዳሴ ግድብ ተመርቆልናል። ሁላችንም ከኪሳችን ያዋጣንበት ነውና ደስታዬ ከማንም አያንስም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ግድቡ ላይ አዋጣን፤ ወደ ገመዱ ግን ማዋጣት አንችልም። ገንዘባችን ሽቅብ ይሄዳል፣ ኃይል ቁልቁል ይመጣል። ገመዱ የአንድ አቅጣጫ መንገድ ነው። ይህ ደግሞ የሽቦ ጠባይ አይደለም፤ ሽቦ በሁለቱም በኩል ያስኬዳል። የአንድ አቅጣጫ ያደረግነው እኛ ነን።

ይህን ትችት ከሌላ ቦታ ይልቅ ከጉራጌ ከተሞች ሆኜ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነው በአስተዳደር ቢለያዩም፣ ሁለቱም በአንድ ነገር ይታወቃሉ። የአገሬው ሰው በእቁብ የነገደ፣ በማኅበር መንገድ ያወጣ ነው። በ1950ዎቹ የመንግሥትን ቡልዶዘር ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ ይልቅ ከየሱቁ ገንዘብ አዋጥቶ የመንገድ ሥራ ማኅበር ያቋቋመ ሕዝብ ነው። ከዓለም ገና በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰው መንገድ በዚህ ዓይነት መዋጮ ታሪክ ይታወቃል።

እቁብ ምንድን ነው? ትንንሽ ሰዎች ትንንሽ ገንዘብ ወደ አንድ ቋት ያስገባሉ፤ ቋቱ ደግሞ በተራ ለእያንዳንዱ ትልቅ ገንዘብ ይሰጣል። ሁሉም ሰጪ ነው፣ ሁሉም ተቀባይ ነው። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው። ዋስ ያላቀረበ አይገባም፤ ከገባ በኋላ ግን ድሃ ነህ ተብሎ እጣው አይነፈግም። ደንቡ ለባለ መቶም ለባለ ሺህም አንድ ነው። እንግዲህ ያ ወጣት ባለሙያ የጠየቀው ዋስ ነው። «የአንተ ሞተር እኔን እንደማይገድለኝ ዋስህ ማነው?» ነው ያለው። እቁብ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ጥያቄ ሲሰማ አይቀየምም፤ ዋስ ፍለጋ ይሄዳል። ችግሩ የመብራት እቁባችን እስከ ዛሬ አንድ እቁብተኛ ብቻ ያለው መሆኑ ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚጥልበት፣ ሌላው ሁሉ የሚያወጣበት እቁብ ምን ይባላል? እኔ እቁብ አልለውም፤ ምጽዋት እለዋለሁ።

«ሕጉ እኮ ከልክሎ አያውቅም» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፣ በወረቀት በሩ ከተከፈተ ቆይቷል። በ1890 ዓ.ም. ገደማ በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የበራችው የመጀመሪያዋ አምፖል ከግቢ ጄኔሬተር የበራች ነበረች። ከዚያ በ1948 ዓ.ም. የመብራት ኃይል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በ1989 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሪክ አዋጅ ቁጥር 86/1989 የግል ባለሀብት በፈቃድ ኃይል እንዲያመነጭ መንገድ ጠረገ። አዋጅ ቁጥር 810/2006 ዘርፉን የሚቆጣጠር የኢነርጂ ባለሥልጣን አቋቋመ። በዚያው በ2006 ዓ.ም. አንዱ ትልቅ ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፈለ፤ አመንጪው በአንድ ወገን፣ አከፋፋዩ በሌላ ወገን።

ግን በር መከፈቱ ብቻ ሰው አያስገባም፤ ደረጃውም መሠራት አለበት። በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ለእንፋሎት ኃይል የኮርቤቲና የቱሉ ሞዬ የግል ኩባንያዎች የሽያጭ ውል የፈረሙት፣ የውጭ ጠበቃና አማካሪ ይዘው ዓመታት ከተደራደሩ በኋላ ነው። ለመቶ ሜጋ ዋት የሚደረግ ድርድር አሥር ኪሎ ዋት ላለው ሰው ዋጋ የለውም። ለእሱ የሚያስፈልገው ድርድር ሳይሆን የታተመ ፎርም ነው። ዋጋው የተጻፈበት፣ መሣሪያው የተዘረዘረበት፣ መርማሪው የታወቀበት፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጠው የተወሰነበት ፎርም።

ዋጋ ካነሳን ደግሞ አንድ ነገር አንደብቅ። የመብራት ታሪፋችን ከ1998 ዓ.ም. እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ሳይነካ የቆየ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የጤፍ፣ የናፍጣ፣ የቤት ኪራይ ዋጋ የት እንደደረሰ ታስታውሳላችሁ። ርካሽ መብራት ለተቀባዩ ደስ ይላል፤ ትንሹን ሠሪ ግን ከገበያ ያወጣዋል። የሐጂ ናፍጣ ከግቤ ውሃ ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም፤ ይህን ራሳቸውም ያውቁታል። ስለዚህ የምለው «የናፍጣ ሞተር ይመለስ» አይደለም። የምለው ከዘቢዳር ተራራ ሥር የሚወርደው ምንጭ፣ የሆቴሉ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ፀሐይ፣ የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ክረምት ከበጋ ተሰጥቶ የሚቀበለው ብርሃን፣ እነዚህ ሁሉ እቁብ መጣል ይችላሉ ነው። ናፍጣውም ቢሆን መስመሩ በጠፋባቸው ሰዓታት የክሊኒኩን የክትባት ማቀዝቀዣ ለማዳን ዋጋው አያሳስበንም።

በአገራችን ትንሹ ከትልቁ ጋር የተገናኘበት ምሳሌ የለም ማለቴም አይደለም። ስኳር ፋብሪካዎቻችን የሸንኮራ አገዳ ገለባ አንድደው ለራሳቸው ኃይል ያመነጫሉ፤ ከነሱም ትርፋቸውን ወደ ዋናው መስመር የለቀቁ አሉ። ለአሥርት ዓመታት ቆሞ የነበረው 6.6 ሜጋ ዋቱ አባ ሳሙኤል በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ተመልሷል። በረጲ ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጨው ጣቢያ በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ተመርቋል። በሲዳማም በጀርመን የልማት ትብብር እገዛ ጎቤቾን በመሰሉ ቀበሌዎች ከ7 እስከ 55 ኪሎ ዋት የሚያመነጩ የማኅበረሰብ የውሃ ተርባይኖች ተተክለው ነበር። ከእነዚህ ወደ ዋናው መስመር የገቡት ግን የመንግሥት ናቸው። የመንደሩ ሰው ሠርቶ ያስገባውን አሳዩኝ ብትሉኝ፣ በቡታጅራም በወልቂጤም ዞሬ አላየሁም።

የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝና አንዲት ቃል ላንሳ። የመብራት መሥሪያ ቤታችን ቀድሞ መረቡን በሁለት ይከፍለው ነበር። አንዱ እርስ በርሱ የተያያዘው ዋናው መረብ ነው። ሌላው ከዋናው ያልደረሱ፣ በናፍጣ ወይም በትንሽ ውሃ የሚበሩ ከተሞች ናቸው። የኋለኛውን የእንግሊዝኛ ስም ቃል በቃል ብንመልሰው «ራሱን የቻለ» ይሆናል። ዋናው መስመር ሲደርስ ከተማዋ ከ«ራሷን የቻለች» ወደ «የተያያዘች» ትሻገራለች፤ አሮጌው ሞተርም ሥራ ይፈታል። መያያዝና ራስን መቻል አብረው መሄድ እንደሚችሉ ማንም ያሰበበት አይመስልም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራምም እስከ 2025 እ.ኤ.አ. 65 በመቶው ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከመስመር ውጭ መብራት ያገኛል ብሎ አቅዶ ነበር። ቀኑ ደርሶ አልፏል፤ ብዙ ሚሊዮን ሰው ገና ጨለማ ውስጥ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ግን ክፍፍሉ ራሱ ነው። ወይ ከመስመሩ ውስጥ፣ ወይ ከመስመሩ ውጭ። ዛሬ ከውጭ ሆኖ ለራሱ የሠራ ነገ መስመሩ ሲደርስበት ሠሪነቱን ይዞ ይግባ፣ ወይስ በር ላይ ጥሎት ይግባ?

ሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ እንዴት ተሻገረው? ስብሰባ ጠርቶ አይደለም። በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. አንድ ሪሳገር የሚባል ዴንማርካዊ አናጢ በጓሮው የነፋስ ተርባይን ሠርቶ ማንንም ሳያስፈቅድ ከቤቱ መስመር ጋር ቀጠለው። ቆጣሪው ወደ ኋላ መዞር ጀመረ። (ሐጂ ይህን እንዳይሰሙብኝ! ያ ወጣት ባለሙያ ያስረዳቸውን አልረሳሁም።) በ1976 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ የድሆች ሠፈር ነዋሪዎች ያረጀ ሕንፃ አድሰው ጣሪያው ላይ የነፋስ ተርባይን ተከሉ፤ ትርፉንም ወደ ከተማው ገመድ ለቀቁት። የከተማው ኤሌክትሪክ ኩባንያ ተቃወመ፣ ነዋሪዎቹ ተከራከሩ፣ ተፈቀደላቸው። በ1978 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምክር ቤት ኩባንያዎች ከትንንሽ አመንጪዎች ኃይል እንዲገዙ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ጀርመን በ1991 እ.ኤ.አ. ተከተለች።

«እነሱ ፈረንጆች ናቸው» እንዳትሉኝ ቅርብ ልምጣ። ታንዛኒያ ከ2000ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለትንንሽ አመንጪዎች አንድ ወጥ ውልና የታወቀ የመሸጫ ዋጋ አዘጋጀች። ሙፊንዲ በተባለው ሻይ አብቃይ አካባቢ ምዌንጋ የሚባል 4 ሜጋ ዋት የግል የውሃ ጣቢያ በ2012 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሮ ለመንደሮቹ ያበራል፣ ትርፉን ለአገሪቱ መሥሪያ ቤት ይሸጣል። ሰማይ አልወደቀም። ምሰሶ ላይ የሚወጣውም ልጅ በደንቡ ተጠብቆ ይሠራል።

እኛ ዘንድ ተረቱ ቀድሞ ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ተረቱን ስናስተምር ግን «ቢያብር» የምትለዋን ግሥ ዘለን እናልፋለን። ድሩን አንድ ሸማኔ ብቻ ይፍተለው አላለም፤ ድሩ ከየቤቱ የተፈተለ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውም ለኤሌክትሪክ መሐንዲስ የተተረተ ይመስላል። አንድ ግድብ፣ አንድ ዋሻ፣ አንድ ረጅም መስመር የተሸከመውን ሎሚ ሁሉ፣ አንዱ ጉልበቱ ሲከዳው አብረን እንጥለዋለን።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ኪሎ ዋቱ አይደለም። ሐጂ ያንን ሞተር ራሳቸው ይፈቱታል፣ ራሳቸው ይገጥሙታል። ከሦስት ወንድ ልጆቻቸው አንዱም አይችልም። ለምን ይማሩት? መብራት ከሩቅ የሚመጣ ነገር ነው፤ የእነሱ ድርሻ ክፍያ መክፈልና መጠበቅ ነው። ሠሪ የነበረ ሕዝብ በአንድ ትውልድ ውስጥ ጠባቂ ሲሆን ሳይ፣ የጠፋው መብራት ብቻ አይመስለኝም። ያኔ አምፖሉ ሲደበዝዝ ከተማው ካውያ የሰካውን ሰው ይፈልግ ነበር፣ እኔም ነቅዬ አፍር ነበር። ዛሬ ሲደበዝዝ የምንፈልገው የምንረግመውን ሰው ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሩ በአዋጅ ተከፍቷል፤ ደረጃው ይሠራ። በየከተማው ያለው የመብራት ቢሮ ግድግዳ ላይ፣ አዲስ ቆጣሪ ለማስገባት የሚያስፈልጉ ነገሮች እንደሚለጠፉ ሁሉ፣ ኃይል ለማስገባት የሚያስፈልጉትም ይለጠፉ። ዋሱ ማን እንደሆነ ይታወቅ። ያ ወጣት ባለሙያ ራሱ መርማሪው ይሁን፤ ነፍሱ ያለችበት እሱ ነውና ከእሱ የበለጠ የሚጠነቀቅ አይገኝም።

ማታ ከሐጂ ጓሮ ተመልሰን ሳሎን እንደተቀመጥን መብራት መጣ። የልጅ ልጃቸው «መጣ!» ብሎ አጨበጨበ። ሐጂ ለአፍታ አምፖሏን ቀና ብለው አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ አንተ የተማርክ ነህ» አሉኝ። «መብራት እንዲያስገቡልኝ የጻፍኩት ማመልከቻ የመብራት ማስገቢያ ይባላል። መብራት ላስገባላችሁ ብዬ የምጽፈውስ ምን ይባላል?»

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለዚያ ማመልከቻ ስም የለንም።